እንዚራና ዳዮድ

ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም መጥታችኋል። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፣ ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ አሁንም አዲስ አበባን አቋርጦ ታክሲ መቀያየር ግድ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን ሳልፈጅ ወደ ነገሬ ልግባ።

የተሰጠኝ ርዕስ ጀማሪ ሰው የጊታር ፔዳልን ከኪት ገጥሞ እንዴት ይሠራል የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ እዚህ ሳልወጣ በፊት «የትኛውን ኪት እንግዛ?» ብላችሁኛል። ጥያቄውን ትንሽ ላቆየው። ኪት ማለት ተቆጥረው የታሸጉ ዕቃዎች፣ የታተመ ቦርድ፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የተበሳ የአሉሚኒየም ሳጥንና መመሪያ ወረቀት ነው። ገንዘብ ያገኘ ይገዛዋል፤ ትዕግሥት ያለው ይገጥመዋል። ገጥሞ ሲጨርስ ግን የሚወጣው ድምፅ ለለንደን ወይም ለኒውዮርክ ጊታሪስት ጆሮ የተመጠነ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ የኪት ትልቁ ጥቅም ከተሠራ ፔዳል መርከሱ ላይ አይደለም። ክዳኑን ከፍታችሁ ያንን ልክ ለራሳችሁ ጆሮ እንደገና መመጠን መቻላችሁ ነው።

ለዚህ ደግሞ ከእንጦጦ መነሣት ይሻላል። ለሱሉልታ ሰው እንጦጦ በደቡብ በኩል የተጋረደ ተራራ ነው፤ ለቡራዩ ሰው በምሥራቅ። በገናን ለዓለም መድረክ ካበቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ዓለሙ አጋ የእንጦጦ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው፣ ኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። የእሳቸውን ቅጂ የሰማ ሰው ያንን ደረት ውስጥ ገብቶ የሚያንዘረዝር ድምፅ አይረሳውም። ድምፁ የሚመጣው ከአውታሩ ብቻ አይደለም። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ደርዳሪው ቆዳዋን ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ እያለ ቦታዋን ይፈልግላታል። ቦታዋን ስታገኝ አውታሩ እንደልቡ መርገብገቡን ትቶ በእያንዳንዱ ውዝዋዜ ቆዳዋን እየነካ ይመለሳል። ያ ንክኪ የሞገዱን ቅርፅ ይሰብረዋል፤ በተሰበረው ሞገድ ውስጥ ከዋናው ቃና በላይ ብዙ ቀጫጭን ቃናዎች ይፈጠራሉ። ጆሯችን «ሻካራ» ወይም «የሚነዝር» የሚለው እነዚህን ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ፈዝ ፔዳል የሚሠራው ይህንኑ ነው። በቆዳዋ ቦታ ትራንዚስተር ወይም ዳዮድ ይገባል።

ፈረንጆቹ እዚህ የደረሱት በብልሽት ነው። ናሽቪል ውስጥ በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ሲቀረጽ የስቱዲዮው ሚክሰር አንዱ መስመር ተበላሽቶ የግሬዲ ማርቲንን ባለስድስት አውታር ቤዝ አሻከረው። የድምፅ መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን ወደደው፤ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ያንኑ ድምፅ በትራንዚስተር የሚያወጣ ዕቃ ነደፈ። ዕቃው በ1962 ማስትሮ ፈዝ ቶን ተብሎ ገበያ ወጣ። ብዙም ፈላጊ አላገኘም ነበር፤ በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» ላይ ሲጠቀሙበት ግን ከሱቅ መደርደሪያ ጠፋ። በ1966 ዋዋ ፔዳልም እንዲሁ መሐንዲሶች ሌላ ነገር ሲሞክሩ ተገኘ። የእኛ ደርዳሪዎች ግን ሻካራውን ድምፅ ፈልገው፣ ቆዳ ቆርጠው፣ ቦታውን በሚሊሜትር እያስተካከሉ አኑረውታል። ይህን የምለው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ ጥቂት ቆይቶ ሥራ ላይ እናውለዋለን።

ፔዳሉ እኛ ዘንድ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ባሳተመው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ የዋዋ ጊታር ይሰማል። ከዚያ በኋላ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ሥዩም፣ የዋልያስ ባንዱ ማሕሙድ አማን በየራሳቸው መንገድ የኤሌክትሪክ ጊታርን በእኛ ቅኝት አናገሩት። በ2012 እ.ኤ.አ. ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ የሻከረ የሮክ ጊታር ከአማርኛ ዜማ ጋር ፊት ለፊት ቆመ። ፔዳል ግን ያን ጊዜም አሁንም የሻንጣ ዕቃ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካልያዘው በቀላሉ አይገኝም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ስለተለቀቀ በዶላር የሚሸጥ ነገር ሁሉ ዋጋው ተሰቅሏል። ኪትም ከዚህ አያመልጥም። ለዚህ ነው አንድ ኪት ስትገዙ ከውስጡ የምትችሉትን ሁሉ አሟጣችሁ ማወቅ ያለባችሁ።

አሁን ሳጥኑን እንክፈት። ከጊታር ማግኔት የሚወጣው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቮልት በታች ነው። ፔዳሉ በዘጠኝ ቮልት ይሠራል። (ከሰበታ በሚነሣው የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፤ የእኛ ሥራ የት እንዳለ ከዚህ ገምቱ።) ለጀማሪ የምመክረው ቡስተር ነው፤ ድምፁን ሳያሻክር የሚያጎላ። ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤል.ፒ.ቢ-1 የሚባለው ቡስተር ልቡ አንድ ትራንዚስተር፣ አራት ሪዚስተር፣ ሁለት ካፓሲተርና አንድ የድምፅ ማስተካከያ ብቻ ነው። ስምንት ዕቃ! ጂሚ ሄንድሪክስ የተጫወተበት ፈዝ ፌስ እንኳ ማብሪያውንና ጃኮቹን ሳንቆጥር አሥራ አንድ ነው። ወጣቶች ሁሉ በመጀመሪያ ቀን ኤኮና ዲሌይ መሥራት ይፈልጋሉ። አትጀምሩበት። ዲሌይ ሲበላሽ ከስድሳ ዕቃ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መከራ ነው፤ ቡስተር ሲበላሽ ከስምንቱ አንዱ ነው።

ከቡስተሩ በኋላ ሁለተኛው ሥራችሁ የማሻከሪያ ፔዳል ይሁን፤ እዚህ ላይ ነው እንዚራ የሚገባው። በብዙ ፔዳሎች ውስጥ ምልክቱ ጎልቶ ሲወጣ ሁለት ዳዮዶች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይጠብቁታል፤ ከተወሰነ ቮልት በላይ ሊያልፍ ሲል ጫፉን ይቆርጡታል። መቁረጫው ልክ የሚወሰነው በዳዮዱ ዓይነት ነው። የጀርማኒየም ዳዮድ በ0.3 ቮልት ገደማ ይቆርጣል፤ የሲሊከን ዳዮድ ከ0.6 እስከ 0.7፤ ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ወደ 1.8። ዝቅ ብሎ የሚቆርጠው ድምፁን ቶሎ ያሻክረዋል፣ ቁመቱንም ያሳንሰዋል፤ ከፍ ብሎ የሚቆርጠው ለጣታችሁ ጉልበት ቦታ ይተዋል። ስለዚህ ኪቱ የሰጣችሁን ሁለት ዳዮዶች ቶሎ አትበይዷቸው። በቦታቸው ትንንሽ መሰኪያ በይዱና ዳዮዱን እየነቀላችሁ፣ እየተካችሁ ስሙ። በገና ደርዳሪ እንዚራውን የሚያንቀሳቅሰው እንዲህ እያዳመጠ ነው።

እያዳመጣችሁ ግን ምን ትጫወታላችሁ? የኪቱ ወረቀት ኮርድ ምቱ ይላችኋል። እኔ ቅኝት ተጫወቱ እላለሁ፤ ምክንያቱም ፊዚክሱ ራሱ እዚህ ላይ ይለያያል። ሁለት ድምፆች በአንድነት በማሻከሪያ ሲያልፉ የሁለቱ ልዩነት የሆነ ሦስተኛ ድምፅ ይወለዳል። ሁለቱ ድምፆች በአምስተኛ ርቀት ላይ ካሉ፣ ማለትም ንዝረታቸው ሦስት ለሁለት ከሆነ፣ የሚወለደው ከታችኛው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ነው፤ ይስማማል፣ ያወፍራል። የሮክ ጊታሪስቶች ሁለት አውታር ብቻ የሚመቱት ለዚህ ነው። ሁለቱ ድምፆች በግማሽ ድምፅ ርቀት ከተጠጋጉ ግን የሚወለደው ከሁለቱም ጋር ዝምድና የሌለው ወፍራም ጉርምርምታ ነው። ሜጀር ትዝታ ውስጥ ግማሽ ድምፅ የለም፤ አንቺሆዬ ውስጥ ግን ሁለት ቦታ አለ፣ አምባሰልም እንዲሁ። አንቺሆዬን በከባድ ፈዝ ኮርድ እያደረገ የሚመታ ሰው ጭቃ ያቦካል። በአንድ አውታር፣ እንደ ማሲንቆ እየጎተተ ቢጫወተው ግን ፈዙ ድምፁን ያረዝምለታል፤ ጊታር የማይችለውን የማሲንቆ እስትንፋስ ይሰጠዋል። ለአጃቢ ጊታር ኤል.ኢ.ዲ.፣ ለዜማ ጀርማኒየም፤ ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ጆሯችሁ ሌላ ካላችሁ ጆሯችሁን ስሙት።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። የሚያስፈልገው መበየጃ ብረት፣ ቀጭን ሶልደር፣ ፒንሳ፣ መቁረጫ፣ ካቻቢቴና መልቲሜትር ነው፤ ጠጋኞቻችን ቴስተር የሚሉት ማለቴ ነው። ብረቱ ወደ 350 ዲግሪ ይግባ። የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ሶልደር የሚቀልጠው በ190 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ትርፉ ሙቀት ሥራውን ለማፍጠን ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ ሶልደሩን ብረቱ ላይ አቅልጦ እንደ ማር ያንጠባጥበዋል። መጀመሪያ ብረቱ የዕቃውን እግርና የቦርዱን መዳብ አብሮ ያሙቅ፤ ከዚያ ሶልደሩ የሞቀውን ነገር ነክቶ ራሱ ይፍሰስ። የተዋጣ ብየዳ ያበራል፣ ዙሪያውን ተንሰራፍቶ ይተኛል። የደበዘዘና እንደ ኳስ የተድቦለቦለው ዛሬ ቢሠራ ነገ ፔዳሉ ሲረገጥ ይቋረጣል። ሪዚስተሮችን አስቀድሙ፣ ረጃጅሞቹን ካፓሲተሮች አስከትሉ። የኤሌክትሮላይት ካፓሲተርና የዳዮድ አቅጣጫ ከተገለበጠ ይቅርታ የለም፤ ሪዚስተር ግን በሁለቱም በኩል ያው ነው። ሥራው ሲያልቅ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሶልደሩ ውስጥ እርሳስ አለ፤ እኛ ደግሞ በእጃችን እንጀራ የምንቆርስ ሰዎች ነን።

ሳጥኑ ያልተበሳ ከሆነ አትጨነቁ። የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች በሰበታም በቡራዩም መንገድ ዳር ሞልተዋል፤ ትራፓኖና ፑንታ አላቸው። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ በትንሿ ፑንታ ጀምረው እያሰፉ እንዲሄዱ ንገሯቸው። የእግር ማብሪያው 12 ሚሊሜትር፣ የጊታር ጃኩ ወደ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። የላሜራ ሳጥንም ይሆናል፤ የፕላስቲክ ግን ይቅርባችሁ። ብረቱ ከመሬት መስመሩ ጋር ተያይዞ የውጭ ጫጫታን ስለሚመልስ ነው።

የውጭ ጫጫታ ካልኩ ስለ መብራት ልናገር። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ አምፑ ውስጥ የምትሰሙት ወፍራም «እምምም» ከዚያ የመጣ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ አዳፕተር፣ የቁጠባ አምፖል ደግሞ ቀጭኑን ፉጨት ይጨምራሉ። ፔዳሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩ በባትሪ ሞክሩት፤ ከጮኸ ጥፋቱ የእናንተ ነው ወይስ የአዳፕተሩ ብላችሁ አትከራከሩም። ቤት ያለውን የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር አንሥታችሁ እንዳትሰኩ። የጊታር ፔዳል መሐሉ ኔጌቲቭ ነው፤ የራውተሩ በአብዛኛው መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። ተገላቢጦሽ ስለሆነ መከላከያ ዳዮድ ያልተገጠመለትን ፔዳል በአንድ ሴኮንድ ይገድለዋል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዘጠኝ ቮልት አይገድልም። አምፕ ግን ክፍት አድርጋችሁ እንዳትነካኩ፤ በተለይ የድሮው ባለ ቱቦ አምፕ ተነቅሎም በካፓሲተሩ ውስጥ መቶዎች ቮልት ይዞ ይቆያል። በሠርግ ድንኳንና በየአዳራሹ ጊታር የያዘ ዘፋኝ ወይም ዘማሪ ከንፈሩ ማይክ ሲነካ ኮረንቲ ሲይዘው አይታችሁ ይሆናል። ያ የመሬት መስመር ያልተዘረጋለት ወይም የተሳሳተ ሶኬት ምልክት ነው። «ትንሽ ቆነጠጠኝ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ዕቃ በመግዛት ብቻ አይገኝም። የቁራሌው ማዳበሪያ ውስጥ የሚገባው የድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ ለእኛ ሀብት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ሬዲዮኖች ድምፅ ማውጫ ላይ ኤ.ሲ. 128ን የመሳሰሉ የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ይገኙ ነበር፤ ፈዝ ሠሪዎች ዛሬ በውድ የሚፈልጓቸው እነሱን ነው። ነገር ግን ጀርማኒየም ጠባየኛ ነው። የሚያፈስሰው ትርፍ ኮረንት ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ገደማ ሲጨምር እጥፍ ይሆናል። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳር ጠዋት እዚያ የሚሠለጥኑ ሯጮች በጓንት ሲወጡ የተስተካከለ ፈዝ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው በሞላበት ሞቃት አዳራሽ ሲበራ ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ድምፁ ይታነቃል፣ ይቆራረጣል። መድኃኒቱ በፈዝ ፌስ ሁለተኛው ትራንዚስተር ላይ ያለውን 8.2 ኪሎ ኦም ሪዚስተር አውጥቶ በቦታው ተስተካካይ ማስገባት ነው። መልቲሜትሩን በትራንዚስተሩ ኮሌክተር ላይ አድርጋችሁ 4.5 ቮልት አካባቢ እስኪያሳይ ታዞራላችሁ፤ ይኸውም በምትጫወቱበት ክፍል ሙቀት እንጂ በመኝታ ቤታችሁ ሙቀት አይሁን። ለሱሉልታ ልጆች ፈዝ ከሲሊከን ቢጀምሩ ይቀላል እላለሁ፤ ሲሊከን ብርድና ሙቀት ብዙም አይለውጠውም።

አሁን ፔዳሉ ተገጥሞ አልቆ ዝም ቢልስ? መጀመሪያ ሲገጠም ዝም የማይል ፔዳል ጥቂት ነው። ብዙዎች ቦርዱን በዓይናቸው ሲያፈጡበት ይውላሉ። ጆሮ ግን ከዓይን ይቀድማል። የተቆረጠ የጊታር ኬብል ውሰዱ፤ በመሐል ሽቦው ጫፍ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በይዱ፣ የውጪውን መረብ ሽቦ ከፔዳሉ መሬት ጋር በክሊፕ ያዙ፤ ሌላውን የኬብሉን ጫፍ አምፑ ላይ ሰኩ። ጓደኛችሁ ጊታር እየመታ የካፓሲተሩን ነፃ እግር ከመግቢያው ጀምራችሁ በየዕቃው ላይ አሳርፉ። ድምፁ እስከ ትራንዚስተሩ መግቢያ ተሰምቶ ከመውጫው ላይ ከጠፋ ጥፋቱን አገኛችሁት። ዓይን ሰዓታት የሚፈጅበትን ጆሮ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ይህን ስል የማስበው ሰበታን ነው። ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ከዚያ የወጡ ሙዚቀኞችን ስንሰማ ኖረናል። ዓይነ ስውር ሰው ኤሌክትሮኒክስ መሥራት አይችልም የሚል ካለ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የስሚዝ ኬትልዌል የዓይን ምርምር ተቋም መልስ አለው። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ «ቴክኒካል ፋይል» የሚል ኅትመት እያወጣ ዓይነ ስውራን እንዴት እንደሚበይዱ፣ ዕቃን በዳሰሳ እንዴት እንደሚለዩ፣ በድምፅ የሚናገሩ መለኪያዎችን እንዴት እንደሚሠሩ በዝርዝር አስተምሯል። አዘጋጁ ቢል ጌሪ ራሱ ማየት የተሳነው መሐንዲስ ነበር። የሪዚስተርን ቀለም ለማንበብ ዓይን ያስፈልግ ይሆናል፤ ለዚያም የሚናገር መልቲሜትር አለ። የዳዮዱን ልክ ለመምረጥና የተቋረጠውን ቦታ ለማግኘት ግን የሚያስፈልገው የሠለጠነ ጆሮ ነው፤ ይህ ጆሮ ደግሞ የት እንዳለ የሰበታ ሰው ያውቃል። በሦስቱ ከተሞች ወጣቶች ለሥራው ሲሰባሰቡ የመርሐ ዕውራን ተማሪዎች በእንግድነት ሳይሆን በአዳማጭነትና በፈታሽነት ከመጀመሪያው ቀን አብረው እንዲቀመጡ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ የማቀርበው ለክራርና ለማሲንቆ ተጫዋቾች ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከጊታሪስቶች እንደማያንሱ አያለሁ። የጊታር ኪት ገዝታችሁ፣ ክራር ላይ ፒዬዞ ማይክ ለጥፋችሁ በቀጥታ ፈዝ ፌስ ውስጥ ብትሰኩት ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይቀጥናል። ክራሩም ፔዳሉም ደህና ናቸው። ፒዬዞ ከፊቱ አንድ ሚሊዮን ኦምና ከዚያ በላይ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል፤ የፈዝ ፌስ መግቢያ ግን ጥቂት ሺህ ኦም ብቻ ነው፤ የወፍራሞቹን ቃናዎች ጉልበት በልቶ ያስቀረዋል። በመካከላቸው ባፈር የሚባል፣ አንድ ፌት ትራንዚስተርና ጥቂት ሪዚስተሮች ያሉት ትንሽ ቦርድ አስገቡ። ጉልበት አይጨምርም፣ ድምፅ አያሻክርም፤ ሥራው መንገድ ማቃናት ብቻ ነው። ከቡስተር ቀጥሎ ለክራር ተጫዋች ሁለተኛው ሥራ ይህ ባፈር ይሁን፤ ማሻከሪያው ሦስተኛ ይምጣ።

ስለዚህ «የትኛውን ኪት?» ላላችሁኝ፦ ለጊታር መጀመሪያ ባለ አንድ ትራንዚስተር ቡስተር፣ ቀጥሎ ዳዮዱ ሊቀየር የሚችል ማሻከሪያ፤ ለክራርና ለማሲንቆ ቡስተር፣ ባፈር፣ ከዚያ ማሻከሪያ። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አንድ መበየጃና አንድ መልቲሜትር በጋራ ግዙ፤ ኪቱን ግን እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ ይግጠም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ሲያይ የሚማር የለምና።

አሁን ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ፔዳል እናሰማችኋለን። ዳዮዶቹ በመሰኪያ ላይ ናቸው። ጊታር የያዝከው ወንድሜ፣ አምባሰልን በአንድ አውታር ጀምር፤ በጀርማኒየሙ ነው። ከኋላ ያላችሁ የአዳራሹን መብራቶች ባታጠፏቸው ጥሩ ነው፤ ሲሊከኑን ስቀይር እግሩን ማየት አለብኝ።